ዕረፍት ይጠራቀማልን?

ስኮትላንዳዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 የአውሮፓ በጋ፣ ለንደን በሚገኘው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ይሠራበት ከነበረው ቤተ ሙከራ ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ገጠር ለዕረፍት ሄደ። ሲሄድ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ የዘራባቸውን ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህኖች ከጠረጴዛው ጥግ ደርድሮ ትቷቸው ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን ሲመለስ ከሳህኖቹ በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በሻጋታው ዙሪያ የነበረውም ባክቴሪያ ሟሙቶ አገኘ። ፔኒሲሊን የታወቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

ታሪኩ ዘወትር የሚጠቀሰው የዕድል ምሳሌ ሆኖ ነው። ይሁንና የፍሌሚንግ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሮናልድ ሄር ነገሩን በሙከራ ደግሞ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ቁም ነገር አስፍሯል። እንደ እርሱ ማብራሪያ፣ ሻጋታው ባክቴሪያውን ሊያሟሟ የሚችለው ቀድሞ ከበቀለ ነው። ሻጋታው ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። የዚያን ዓመት የለንደን የአየር ጠባይ መዝገብ ሲመለከትም ፍሌሚንግ በሄደ ሰሞን ቀዝቃዛ ቀናት እንደ ነበሩና ከዚያ በኋላ ሙቀቱ እንደ ተመለሰ ተገነዘበ። ሳህኑ ወደ ማሞቂያ ሣጥን ገብቶ ወይም በየማለዳው እየተነሣ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ተከታታይ ሂደት ባልተፈጸመ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ለዕረፍት የወጣ ሁሉ መድኃኒት ያገኛል የሚል የዋህ አይኖርም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ነጥብ፣ አንዳንድ ሂደቶች የሚከናወኑት እጅ ሲነሣላቸው ብቻ መሆኑ ነው። የሰው አካልና አእምሮም እንዲህ ያሉ ሂደቶች አሏቸው።

በየመሥሪያ ቤታችን ግን ከሥራ እጅን ማንሣት ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና ይቆጠራል። «ላለፉት ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ፈቃድ አልወጣሁም» የሚል ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ይህን የሚናገረው በቅሬታ ብቻ አይደለም፤ ኩራትም አለበት። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ማኅደሩን ቢያወጣ ያልተጠቀመባቸው ቀናት ተደምረው ተጽፈዋል። እርሱም አንድ ቀን እወስዳቸዋለሁ እያለ፣ በባንክ እንዳስቀመጠው ገንዘብ ይተማመንባቸዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በወረቀት የተጠራቀመው ፈቃድ በሰውነት ውስጥም ተጠራቅሞ ይቆያልን?

የሚጠራቀመው ምንድን ነው?

አንድ ሰው አስቸኳይ ጉዳይ ሲገጥመው በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ከኩላሊቶች በላይ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል፤ ከእነዚህም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይመነጫል። አድሬናሊን ደግሞ በነርቮች ትእዛዝ ፈጥኖ ይለቀቃል። የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል። ይህ ዝግጅት በቦታውና በጊዜው ሲሆን መልካም ነው፤ ድንገተኛ ታካሚ የመጣበት ሐኪም ያለ እርሱ አይሆንለትም። ችግሩ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ዝግጅቱ ሳይበርድ ሲቀር ነው።

አሜሪካዊው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ብሩስ ማክዩወን እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤልዮት ስቴላር ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ አካል ራሱን ከጫና ጋር ለማስማማት የሚከፍለው ዋጋ ቀስ በቀስ እንደሚከማች አስረድቶ ለክምችቱ ሳይንሳዊ ስያሜ ሰጥቶታል። በአማርኛ «የመላመድ ሸክም» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል። የደም ግፊት ከፍ ብሎ መቅረቱ፣ በሆድ አካባቢ ስብ መከማቸቱ፣ የእንቅልፍ መዛባትና የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም ከምልክቶቹ ጥቂቶቹ ናቸው። እንግዲህ ዕረፍት ሳይወጣ በከረመው ባለሙያ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ይህ ሸክም ነው።

አንጎልን በተመለከተም በቅርብ ጊዜ ትኩረት የሚስብ ጥናት ወጥቷል። ፓሪስ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳተሙት፣ ስድስት ሰዓት ያህል ከባድ የአእምሮ ሥራ ሲሠሩ በዋሉ ሰዎች የፊት አንጎል ጎናዊ ክፍል ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል ቀላል ሥራ ከሠሩት ይበልጥ ተከማችቶ ተገኝቷል። ግሉታሜት የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበት ዋነኛ ቅመም ነው፤ ሲበዛ ግን ሥራውን ያውካል። እነዚሁ ሰዎች ምርጫ ሲቀርብላቸው ቆይቶ ከሚመጣ ትልቅ ጥቅም ይልቅ አሁን የሚገኘውንና ልፋት የሌለበትን ወደ መምረጥ አዘነበሉ። ጥናቱ አንድ ነው፤ በሌሎች መደገም ይኖርበታል። ቢሆንም ድካም የፈቃደኝነት ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ኬሚካላዊ መሠረት ያለው ነገር ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ሥራ ያቆመ አንጎል ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ከምንጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህም ፍጆታ ሰውዬው ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ እምብዛም አይቀንስም። ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳስገነዘቡት፣ የተወሰነ ተግባር በማንፈጽምበት ሰዓት ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች አሉ። ያለፈውን ማስታወስ፣ የወደፊቱን ማሰብና የተለያዩ ሐሳቦችን ማያያዝ ከእነዚህ ክፍሎች ጋር ይዛመዳል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖይንካሬ ለብዙ ጊዜ ሲታገለው የነበረ ጥያቄ መልሱ የታየው የጂኦሎጂ ጉዞ ላይ ሳለ፣ ኩታንስ በተባለች ከተማ እግሩን የጋሪው መወጣጫ ላይ ባሳረፈበት ቅጽበት እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1908 ተናግሯል። ነገር ግን እርሱ ራሱ አጥብቆ ያሳሰበው ሐቅ አለ፤ እንዲህ ያለው ብልጭታ ቀድሞ ላልደከመ ሰው አይመጣም።

የልብ ነገር

ዕረፍትና ጤናን ያያያዙ ጥናቶች ውስጥ በስፋት የሚጠቀሰው ብሩክስ ገምፕና ካረን ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ነው። ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን ወንዶች ለአምስት ዓመታት በየዓመቱ ለዕረፍት ወጥተው እንደ ሆነ ተጠየቁ፤ ከዚያም ለዘጠኝ ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ደጋግመው ዕረፍት የወጡት በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ካልወጡት ያነሰ ሆነ፤ ልዩነቱም በልብ ሕመም ከሚመጣው ሞት ላይ ጎልቶ ታየ። ጠንቃቃ አንባቢ ግን «ሰዎቹ ጤነኞች የሆኑት ዕረፍት ስለወጡ ነው ወይስ ዕረፍት የወጡት ጤነኞችና ገንዘብ ያላቸው ስለ ሆኑ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ ገቢንና የመሳሰሉትን በስሌት ለመለየት ሞክረዋል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ጥናት መንሥኤና ውጤትን ፈጽሞ አይለይም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ከፊንላንድ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 ሄልሲንኪ ውስጥ 1,222 ወንድ የሥራ ኃላፊዎች ለሙከራ ተመረጡ። ሁሉም ቢያንስ አንድ ለልብና ለደም ሥር በሽታ የሚያጋልጥ ሁኔታ ነበረባቸው። ግማሽ ያህሉ በየአራት ወሩ እየተጠሩ፦ ስፖርት ሥሩ፣ ጤናማ ምግብ ብሉ፣ ማጨስ አቁሙ፣ ክብደት ቀንሱ የሚል ምክር ተሰጣቸው፤ ለሚያስፈልጋቸውም መድኃኒት ታዘዘላቸው። ቀሪዎቹ እንደ ቀድሟቸው ኖሩ። የተመከሩት የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው በእርግጥ ቀነሰ። ይሁንና በኋላ ሲቆጠር ከተመከሩት ይልቅ ካልተመከሩት የሞተው ሰው ያነሰ ሆኖ ተገኘ! ሊቃውንቱ ለዓመታት ምሥጢሩ አልገባቸውም ነበር።

ቲሞ ስትራንድበርግ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 የድሮውን መዝገብ እንደገና ከፍቶ፣ በጊዜው ተጽፎ ማንም ልብ ያላለውን የዕረፍት ቀናት ቁጥር መረመረ። ምክር ከተሰጣቸው መካከል በዓመት ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ዕረፍት የወሰዱት፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ከወሰዱት ይልቅ በ30 ዓመታት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ37 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ካልተመከሩት ዘንድ ግን የዕረፍቱ ርዝማኔ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስትራንድበርግ የሚሰጡት ማብራሪያ፣ ጊዜ ለሌለው ሰው የጤና ምክሩ ራሱ ተጨማሪ ሥራ ሆኖበት ይሆናል የሚል ነው። ማብራሪያው የተረጋገጠ አይደለም፤ ነገር ግን ፋታ የሌለውን ታካሚ «ጠዋት ጠዋት ሩጥ» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ሊያስብበት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡት ግምት የጉዳዩን ስፋት ያሳያል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞትን ዕድል በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በ2016 በዚህ ሳቢያ የሞተው ሰው 745,000 እንደሚሆን ተገምቷል። የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ውሎ ማታ በግል ክሊኒክ የሚያመሽ ሐኪም፣ ወይም ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የማታ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር 55ኛውን ሰዓት የሚያልፈው ገና ሐሙስና ዓርብ ላይ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ኑሮ አስገድዶት እንጂ ዕረፍት ጠልቶ አይደለም።

ዕረፍቱ ስንት ቀን ይዘልቃል?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሚና ዌስትማንና ዶቭ ኤደን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በእስራኤል አንድ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ 76 የቢሮ ሠራተኞች ከዕረፍት በፊት፣ በዕረፍት ላይና ከዕረፍት በኋላ የሚሰማቸውን መዛል ለክተዋል። መዛሉ በዕረፍቱ ሳሉ ቀነሰ። ወደ ሥራ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን በከፊል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ። የኔዘርላንዷ ተመራማሪ ጄሲካ ደ ብሉም ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው ደግሞ በአማካይ 23 ቀናት ዕረፍት የወጡ 54 ሠራተኞችን የተከታተለ ነው። የሰዎቹ ደኅንነት ቶሎ ተሻሽሎ በስምንተኛው ቀን አካባቢ ጫፍ ደረሰ፤ ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥም ወደ ነበረበት ወረደ።

እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረበው የ32 ጥናቶች ድምር ትንታኔ የዕረፍት ጥቅም ከዚህ ቀደም ከታሰበው የበለጠና የሚዘገይም መሆኑን ይገልጻል። የጊዜው ልክ ወደፊት ይጣራል። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ለዓመታት ይዘልቃል ያለ የለም። ከእንቅልፍ ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳይተኛ ሰንብቶ እሑድ ሃምሳ ሰዓት እተኛለሁ የሚል ሰው የለም። ሦስት ዓመት ያልወጣበትን ፈቃድ በአንድ ጊዜ ወስዶ ሁለት ወር የሚያርፍ ባለሙያም እንዲሁ ነው። የሁለት ወሩ ዕረፍት ደስ ይለዋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ላይ የተከመረው ሸክም ግን በየወቅቱ ሊራገፍ ይችል የነበረ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከስምንት እስከ አሥር ቀን የሚሆን ዕረፍት በዓመት ሁለት ጊዜ መውሰድ ከተጠራቀመው ረጅም ፈቃድ ይሻላል።

አካል ወጥቶ አእምሮ ሲቀር

ቀናቱ ብቻቸውን አይበቁም። በዚህ መስክ ብዙ የሠራችው ጀርመናዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሳቢነ ዞነንታግ ዋና ትሆናለች ያለችው ነገር ከሥራ በሐሳብ መለየት ነው፤ ቢሮው በሌለበት ቦታ ሆኖ ስለ ቢሮው አለማሰብ። በኪሱ ስልክ ይዞ «ማኅተሙ የት ነው?» «ያ ደብዳቤ ተፈርሟል ወይ?» ለሚሉ ጥያቄዎች ከሠርግ ድንኳን ሥር ሆኖ የሚመልስ ሰው በአካል እንጂ በአእምሮ አልወጣም።

አእምሮ ያልተጨረሰ ሥራን የሚተወው ለምን በግድ እንደ ሆነ ብሉማ ዛይጋርኒክ በርሊን ውስጥ ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ምርምር ጠይቃ ነበር። የተቋረጡ ተግባራት ከተጠናቀቁት ይልቅ ይታወሳሉ ያለችው ግኝት በኋለኞቹ ሙከራዎች ሁሉ አልጸናም። የተቋረጠውን እንደገና የማንሣት ግፊት መኖሩ ግን ይበልጥ ተረጋግጧል። ደግነቱ ግፊቱን ለማስታገሥ ሥራውን መጨረስ ግድ አይደለም። ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ያልተጨረሰው ጉዳይ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም በግልጽ ማቀድ ብቻውን ሐሳቡ በየመካከሉ ብቅ እያለ እንዳያውክ ያደርጋል። ስለዚህ ከፈቃድ በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን ሁሉንም ለመጨረስ እስከ እኩለ ሌሊት ከመድከም፣ የቀረውን ዘርዝሮ ጽፎ ለተወካይ ማስረከቡ ይመረጣል።

እኛ ዘንድ ፈቃድ በአመዛኙ የሚወሰደው ለማረፍ አይደለም። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤት ግንባታ፣ የታመመ ዘመድ ለማስታመም ይወሰዳል። እነዚህ የማይናቁ ጉዳዮች ናቸው፤ ዘመድ መጠየቅም ለብዙዎች እውነተኛ ዕረፍት ነው። ጭራሽ የሚያሳስበው ግን የዕረፍት ወቅት ራሱ ሌላ የሥራ ወቅት ሲሆን ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሐምሌና ነሐሴን የክረምት መርሐ ግብር ተማሪዎችን በማስተማር ያሳልፋሉ፤ መስከረም ላይ አዲሱ ዓመት ሲጀመር የአምናው ድካም አብሯቸው ይገባል።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በገጠር በሰንበትና በየወሩ በሚከበሩት የቅዱሳን ቀናት በሬ አይጠመድም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በዓላቱ በዝተዋል ብለው ይከራከሩ ይሆናል፤ ሆኖም ሥርዓቱ አንድ ብልሃት አለው። ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚያርፍ ለአራፊው ሥራ የሚልክበት ሰው የለም። የዚህን ብልሃት ዋጋ ከሩቅ ስዊድን የመጣ ጥናት ያስረዳል። ቴሪ ሃርቲግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 ያለውን የሀገሪቱን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳወጡት፣ ብዙ ሠራተኞች በአንድነት ዕረፍት ላይ በሆኑባቸው ወራት ከመድኃኒት ቤቶች የሚወጣው የድባቴ መድኃኒት ቀንሷል፤ ለውጡም ጡረታ በወጡት ላይ ሳይቀር ታይቷል።

ሕጉ፣ አሠሪውና ርክክቡ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እየታከለ የዓመት ፈቃድ እንደሚያገኝ ደንግጓል። ፈቃዱን ለመተው የሚደረግ ስምምነት ዋጋ የለውም፤ የሥራ ውሉ ካልተቋረጠ በቀር በፈቃዱ ምትክ ገንዘብ መክፈልም አልተፈቀደም። ማስተላለፍ ቢቻልም ከሁለት ዓመት ሊበልጥ አይገባም። ሕግ አውጪው የፊዚዮሎጂን መጽሐፍ ገልጦ ይሁን አይሁን፣ ድንጋጌው ከላይ ካየነው ሳይንስ ጋር ይስማማል። የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው። ሠራተኛው ጠይቆ ካልወሰደ ዝም የሚል አሠሪ ብዙ ነው፤ ጃፓን ይህን አይታ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ 10 ቀናትና ከዚያ በላይ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ቢያንስ አምስቱን መውሰዱን አሠሪው እንዲያረጋግጥ በሕግ ግዴታ ጥላለች።

ሥራ ይበደላል የሚለው የኃላፊዎች ሥጋት በቁጥር ሲፈተሽ እንደሚታሰበው አይደለም። የስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ፔንካቭል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታኒያ የጥይት ፋብሪካዎች የተሰበሰበውን መረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ሲያሰላ፣ በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም እንደማይበልጥ አግኝቷል። አሥራ አራቱ ሰዓት የት ሄደ? በሕክምናው መስክም ክሪስቶፈር ላንድሪጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተረኛ ሆነው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች፣ ተራቸው ካጠረላቸው ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የሚበልጡ ከባድ ስሕተቶች ፈጽመዋል። የዕረፍት ማጣት ዋጋ እንግዲህ በባለሙያው ላይ ብቻ አያበቃም፤ አልጋው ላይ የተኛውም ሰው ይከፍላል።

በዚህ ጉዳይ ባንኮች ከሆስፒታሎችና ከዩኒቨርሲቲዎች ቀድመዋል፤ ምክንያታቸው ግን የሠራተኛው ጤና አይደለም። በብዙ ሀገሮች ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ በዓመት ሁለት ተከታታይ ሳምንታት ከሥራው እንዲለይ ይደረጋል። በየዕለቱ ካልተሸፈነ የሚጋለጥ ማጭበርበር ካለ፣ ሌላ ሰው መዝገቡን ሲይዝ ይታያልና። ያው ዘዴ ከወንጀል ውጪ ላለውም ጉድለት ይሠራል። የአንድን መሣሪያ አሠራር የሚያውቀው አንድ ቴክኒሽያን ብቻ መሆኑ፣ ወይም የፕሮጀክቱ ሰነድ በአንድ መሐንዲስ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ መቀመጡ የሚታወቀው ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሲለይ ነው። የክፍል ኃላፊዎች በሐምሌ ወር የበጀት ዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ የፈቃዱን ሰሌዳ፣ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩም የተወካዩን ስም አብረው ቢያወጡ ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ተወካዩም ርክክቡን የሚፈርመው ባለሙያው ከመሄዱ ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ያልገባውን ሊጠይቅ የሚችልበት ጊዜ ይኖረዋል፣ በኋላም ስልክ መደወል አያስፈልገውም።